በላስቲክ የተሸፈነው ጽሑፌ

ልጄ፣ ጥሩርህን ያስጨፈለቀው አጎትህ ነው። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሰላምታው ይከተላል። እንደምን አለህ? ክፉ አይንካህ፣ የረገጥኸው ሁሉ ይለምልምልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እህትህ ሁለተኛዋን ወልዳለች፤ አፍንጫዋ ያንተ ነው።

ለቲያትሩ ላኪልኝ ያልኸኝን ጥሩር፣ ያን የጦረኛ ልብስ፣ ከፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠህ በማስቲሽ ያጣበቅኸውን፣ በአንሶላ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አስገባሁት። ደረቱ እንዳይጎደጉድ ውስጡን በአሮጌ ሹራቦችህ ሞላሁት። ካርቶኑ ላይ በገዛ እጄ «ከላዩ ዕቃ አትጫኑ» ብዬ ጻፍሁ። ይህን ደብዳቤ ለሰው እየነገርሁ ነው የማጽፈው፤ ለዚያች አንዲት መስመር ግን ግማሽ ቀን ፈጀሁ። አጎትህ አይቶ፣ «እህት ዓለም፣ በስተርጅና ጸሐፊ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች በጥቁር ላስቲክ ጠቀለለው። ጽሑፌን ማን ይየው? በመርከብ ባሕር ማዶ እንዲደርስህ ወደ ወደብ የወሰደው ሹፌር ሲሚንቶ ጭኖበት ሄደ።

ጥሩሩ ተጨፍልቆ እንደደረሰህ፣ በቲያትሩ የነበረህን ቦታም የራሱ ጥሩር ላለው ሰው እንደሰጡት ስሰማ ሄጄ አጎትህን ተቆጣሁት። አጎትህማ፣ «ስፖንጅ አይደል፣ ተመልሶ ይነፋል» ይላል። ሁለት ዓመት የደከምህበትን!

አንድ ልመና አለኝ፤ ካርቶኑን ካልጣልኸው ጽሑፌን አንብብልኝ። በእኔም አትቀየም። አምላክ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ በእጅህ ያውጣ።

ጥሩሩ ክፍልህ ጥግ ቆሞ ሳለ አንተው ያለህ ስለሚመስለኝ፣ በሩን ሳላንኳኳ አልገባም ነበር። አሁን ጥጉ ባዶ ነው። ከእንግዲህ አላንኳኳም።

እናትህ