መሬቱን እንዳታስርቢው

ታዴ ሆዴ፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ይኸው ክረምቱ ገባ፤ ከተለየኸን ሁለተኛው ነው። ቤቱ ደህና ነው። ከአጥሩ ጀርባ ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ጓሯችን የምትደርሰው አርፍዳ ነው። እኔ ግን እረፍት አጥቻለሁ፤ ያሳጣኝም ይኸው ጓሮ ነው።

ሆስፒታል ተኝተህ «መሬቱን እንዳታስርቢው» አልከኝ፤ እሺ አልኩህ። ምን ማለትህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየችግኙ ሥር አንድ የለስላሳ ቆርኪ ዳፕ። የማዳበሪያው ስም ከተለወጠ በኋላም አንተ ዳፕ ማለትህን አልተውክም። ቆርኪውን ሞልተህ አፉን በአውራ ጣትህ ጠረግ ስታደርግ አሁንም ይታየኛል። በአጥሩ ሥር ያለው በቆሎ ቅጠሉ ነጣ ነጣ ሲልብህ «ይሄ ርቦት ነው» ትልና አንድ ቆርኪ ትደግምለታለህ። በቆሎው ግን ዓመት በዓመት ይብስበት ነበር። አፈሩን እናስመርምረው ስልህ «አንቺ ለጎመንም ፈተና ካልሰጠሽ አይሆንልሽም» እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ዘንድሮ ፈተናውን ሰጠሁት። የድሮ ተማሪዬ ሰናይት አፈር የሚመረመርበት ቤት ትሠራለች። ከየመደቡ ጥቂት ጥቂት አንስቼ፣ ቀላቅዬና አድርቄ ወሰድኩላት። ውጤቱን ስትነግረኝ ሳቋ መጣ፤ «ቲቸር፣ አፈርዎ አልራበውም፤ ቁንጣን ይዞታል!»

ዳፕ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አይተንም፤ ዝናብም ቶሎ አጥቦ አይወስደውም። ተክሉ ጥቂቱን ሲወስድ የቀረውን አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል። በየዓመቱ ሲጨመርበት ይከማቻል፤ ሲበዛም ተክሉ ዚንክ የሚባለውን ንጥረ ነገር እንዳያገኝ ያደርገዋል። በቆሎህን ያነጣው ይኸው ነው። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ሲከተው ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ ያለብሰዋል። «ሌላውን ማዳበሪያ፣ ዩሪያውን፣ በልኩ ይስጡት፤ ዳፑን ግን ለጥቂት ዓመታት ይርሱት» አለችኝ።

በሳምንቱ ወንድምህ ግርማ እንደ ወትሮው ዳፑን ተሸክሞ መጣ። ተወው ስለው ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ ጋሼ አደራ ያሉዎት ይሄንን ነው?» ብሎኝ ወጣ።

ይህቺ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። የሰናይትን ውጤት አምናለሁ፤ እሺ ያልኩት ግን ላንተ ነው። በመጨረሻ ግርማን አስጠራሁትና የጎመኑን መደብ በሲባጎ ለሁለት ከፈልኩት። ዩሪያውን ለሁለቱም እኩል ሰጠሁ። ግርማ ባንዱ በኩል በቆርኪህ እየሰፈረ ዳፑን ጨመረ፤ በሌላው በኩል ምንም አልጨመርንም። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ዝናቡ አባራ ሲል ብቅ እላለሁ፤ ቅጠሉን በማስመሪያ እለካለሁ፤ ገብቼ ደግሞ እወጣለሁ። ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግርማ መጥቶ መደቡን ከዳር እስከ ዳር አየው። ዞሮ እንደገና አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ የኔ የትኛው ነበር?» አለኝ።

ታዴ፣ ምንም ያልጨመርንበት ጎመን የሚበላው አንተ በየዓመቱ ያኖርክለትን ነው። አላስራብኩትም፤ ያንተን ስንቅ እየበላ ነው። በቆሎው ገና አላገገመም፤ ስለዚህ ልቤ ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ቆርኪህን አጥቤ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አፈሩን እያስመረመርኩ እጠብቃለሁ፤ በእርግጥ የራበው ቀን በዚያችው ቆርኪ፣ አፏን በአውራ ጣቴ ጠረግ አድርጌ እሰፍርለታለሁ። እስከዚያ ከዚያ መደብ ጎመን በቆረጥኩ ቁጥር፣ ዛሬም የምታበላን አንተ መሆንህን አልረሳም።

ያንተው የሺ