እናትህ ጽዋውን ቆመው ተቀበሉ

እማማ ብቻቸውን ተነሡ! ማንም ብብታቸውን ሳይዝ፣ ወንበር ሳይደገፉ፣ ብድግ ብለው የማርያም ማኅበርን ጽዋ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ይኸው፣ ደስታው ሰላምታውን አስረሳኝ። እንደምን አለህልኝ፣ ዓለሜ? ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን፤ ወሬ ይዤ ቤት ስገባ ግን አሁንም የምጠራው ያንተን ስም ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ስትደክም "እናቴን አደራ" አላልከኝም? እኔም አደራ ጠበቅሁ ብዬ ውሃ አላስቀዳቸው፣ ሰፌድ አላስነሣቸው አልኩ። "እማማ፣ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ!" ጭኮውን በቅቤ እያሸሁ ሳጎርሳቸው ጉንጫቸው ሞላ፤ ጭናቸው ግን ሟሸሸ። ደጅ ለመውጣት እንኳ በኔ ትከሻ ሆነ። ማኅበርተኞቹም አዝነውላቸው የመደገሻ ተራቸውን ለሌላ ሰጡባቸው። ያን ቀን እማማ ምሳ ሳይቀምሱ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ሆስፒታል ስወስዳቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ የዲክሲስ ልጅ ናት፣ ጭናቸውን ዳበሰችና ወደኔ ዞረች። "ጡንቻውን ዕድሜ ይቀንሰዋል፤ የተረፈውን ደግሞ አንቺ በማስቀመጥ ጨረስሽው" አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ከወንበር ቁጭ ብድግ እንዲሉ አዘዘች፤ በፍስክ እንቁላልና ወተት፣ በጾም ባቄላና ምስር።

ከዚያማ እኔ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው ተነሡ! መጀመሪያ ሁለቴ፣ ኋላ አምስቴ፣ ኋላማ ጎመን ከጓሮ ቀንጥሰው መምጣት ጀመሩ። ጎረቤታችን አየችና "ባሏ ሲሞት አማቷን ገረድ አደረገች" ብላ አወራችብኝ። እማማ ሰምተው "ተያት ልጄ፣ እሷ ራሷ ከዱካ ወንበር ስትነሣ እንደ ወላድ ታቃስታለች" አሉኝ። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ፤ እንዲህ ሰው ላይ መቀለድ ያንተ ነበራ። የሁሩታ ገብስ ሲያሸት፣ መንገድ ዳር እያስቆምከኝ የሰው አረማመድ ታስመስልልኝ ነበር። አሁን በዚያ ሳልፍ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፤ ሰው ምን ይለኛል?

አልረሳህም። ጽዋው ሲቀመስ ስምህን እናነሣለን፤ የሚያነሡትም እማማ ናቸው፣ ቆመው። የአርቦዬዋ እኅትህ ልጆቿን ሁሉ ይዛ ትምጣ፣ ባለሙያዋም ትምጣ፣ ጎረቤታችንም እንዳትቀር፤ ጽዋውን ተቀብለዋልና ተራው የሳቸው ነው፤ ድግሱ እኛ ቤት ነው፣ በሚመጣው ወር በማርያም፣ በሃያ አንድ!