የሰርግሽ ብርድ ልብስና የእኔ ድምፅ

ለዓይኔ ብርሃን ለሩላ፦ አላህ በሰው አገር የምትረግጪውን ሁሉ ያለስልስልሽ፤ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስሜያለሁ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። በማታ ትምህርት ቤታችን አንደኛ ነኝ፤ ሌሎቹ ገና ፊደል ይለቅማሉ።

ወንድምሽ ኒዛር ደህና ነው፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ሹራብ ትለብሻለሽ ወይ? እኔማ ወደ ቋንቋችን በሚተረጎም ተከታታይ ፊልም የክፉ አማት ድምፅ ልሆን ነው። የምትናገረውን ራሴ አንብቤ፣ በስልክ ቀድቼ ላክሁ። የስቱዲዮው ኃላፊ ኡስታዝ ሙኒር ግን «የኒዛር እናት፣ መታጠቢያ ቤት ገብተው ነው እንዴ የቀዱት? ድምፅዎ ያስተጋባል። ካልተስተካከለ ለሌላ ሴት እሰጠዋለሁ» አለኝ።

ለክብሬ ስል የቀዳሁት እንግዳ መቀበያው ክፍል ነበር። ምንጣፉን እንደ ልማዳችን ለሙቀቱ ወራት ጠቅልለን አንስተነው ነበር፤ ባዶው ወለል አንዷን አማት ሦስት አደረጋት። ምንጣፉን መልሼ ዘረጋሁ፣ ለሰርግሽ ያሰፋኋቸውን የሱፍ ብርድ ልብሶች በግድግዳው ሁሉ ሰቀልኩ፣ የውሃውን ሞተር አጥፍቼ ደግሜ ቀዳሁ። ኡስታዝ ሙኒር «ጆሮዬ ሥር ቆመው የተቆጡኝ መሰለኝ፤ ሥራው የእርስዎ ነው» አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ስሙን የማትነግሪኝ ልጅ ሽማግሌ ልላክ ካለ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ይታገሠኝ። ብርድ ልብሶቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ እኔም አማትነት እየተለማመድኩ ነው። አላህ ደስታሽን በዓይኔ ያሳየኝ።

እናትሽ