ሁላችሁንም አነሳችኋለሁ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ከቀኑ 10 ሰ.

ዛሬም እዚያው ጥግ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው አሮጌ ባር። ማኪያቶ አንድ። ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ ለመሳል እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ሸረሪት መሰለ። ባንኮውና ወ/ሮ የሺ ግን ተሳክተውልኛል። የቤቱ ባለቤት ናት፤ ስትቆጣም ስትስቅም ክርኗ ከባንኮው አይነሳም።

ጋሽ ቶሎሳ ምሳውን የሚበላው በዚህ ሰዓት ነው። የባቡር ጡረተኛ። ሆዱ እስካሁን የሚሄደው በባቡሩ ሰዓት ነው መሰለኝ፣ ሁልጊዜ ይዘገያል። ሳህኑ ሲቀርብ ቀና ብሎ «እንብላ፣ ኮቱ!» ይለኛል፤ በኦሮምኛ ና ማለቱ ነው። ይብሉ፣ ይባረክ እላለሁ። ሄጄ አልበላም፤ እሱም አይጠብቀኝም። ወግ ነው። ግን ደብተሬ፣ ላንተ ልንገርህ፤ ባለቤቴ አርፋ ከባቱ ወደ አዳማ ከመጣሁ ወዲህ፣ እንብላ የሚለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ወ/ሮ የሺ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ቀልድ አማረኝ። ቤቱን እያነሳሁ ነው፤ ቀስ በቀስ ሁላችሁንም አነሳችኋለሁ፣ አልኳት። ባቱ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበርኩ፦ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ጉርድ ፎቶ። ስልክ ሰውን ሁሉ ፎቶ አንሺ አደረገውና ዘጋሁ። አፌ ግን አሁንም መሳልን «ማንሳት» ይላል። አልሳቀችም። የውጭው ባጃጅ ጩኸት አላሰማትም ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጉድ ነው! ወንበሬ ተወልውሎ ጠበቀኝ። ማኪያቶው ሳላዝ መጣ፤ ሒሳብ ልክፈል ብል እምቢ። አንተ ስትለኝ የከረመች ሴት እርስዎ አለችኝ። ሥዕሌን ወደዱት ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ቤት ስገባ የምነግረው ሰው ፈለግሁ። አንተ አለህ።

ጋሽ ቶሎሳ እንብላ አላለኝም። በጾም ነው እንዳልል ምስሩን ሲጠቀልል አይቼዋለሁ። ረስቶ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አልረሳም። ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ። ስገባ ወሬው ቆመ፤ ለፈረንጅ እንኳ እንዲህ አይቆምም። ወንበሬ ግን ዛሬም ተወልውሏል። ምን አደረግኩ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ገባኝ።

ወ/ሮ የሺ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ክርኗ ከባንኮው ሲነሳ ገና ማየቴ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሚሰጡን ምትክ ቦታ ከከተማ ይርቃል ወይ? የተነሺዎች ስም መቼ ይለጠፋል? አለችኝ። መንገዱ ይሰፋል፣ ቤት ይፈርሳል የሚባለው ወሬ ከተማውን ከያዘው ሰንብቷል። እኔ ደግሞ እርሳስና ወረቀት ይዤ አነሳችኋለሁ እላለሁ! የማዘጋጃ ቤት ሰው አድርገውኛል። ፎቶ አንሺ ነበርኩ ብዬ ማልኩ። ካሜራዎ የታለ? አለች። ሸጬዋለሁ። እሺ አለች፤ «እርስዎ» ማለቷን ግን አልተወችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ባሩን ከተውኩት ሦስተኛ ቀኔ። ምን ሆነህ ቀረህ ያለኝም የለም። መናኸሪያ ሄጄ የጋሪ ፈረስ ሳልኩ። ጥሩ ወጥቷል። ፈረስ እንብላ አይልም።

እራቴን ግድግዳ እያየሁ በላሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይሉ የለ? ብቸኛ ነኝ። ሌላ ስም አላወጣለትም።

ቆይ ግን። እዚያ ባር ምግብ አዝዤ አላውቅም። ማኪያቶዬን ይዤ ሰው ስስል ብቻ ነው የምውለው። እንብላ ተባልኩ እንጂ እኔ ማንን ብያለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ 10 ሰ.፣ ባሩ ውስጥ

እዚሁ ሆኜ ነው የምጽፍብህ። የሥዕል ወረቀቱን ቤት ትቼዋለሁ። ሽሮ አልኩ። ወ/ሮ የሺ አስደገመችኝ። ሽሮ! ቀረበ። ጋሽ ቶሎሳ የራሱን ጀምሯል፤ ጀርባው ወደ እኔ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና እንብላ፣ ጋሽ ቶሎሳ አልኩ። ከመጠን በላይ ጮኼ ኖሮ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሱ አልዞረም። እንጀራውን አልነካሁትም።

«ኮቱ» ጨመርኩ፤ አሁን ቀስ ብዬ። መንጋጋው ቆመ።

ሳይዞር፣ ልታነሳን ነው ወይስ ልታበላን? ይላል። አንድ ሰው ሳቀ። ወ/ሮ የሺ ትሁን? ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ላበላዎት ነው እላለሁ።

ወንበር ተንቋቋ። እየተነሳ ነው። እኔ ሳላነሳው፣ ራሱ። ወደ በሩ ይሆናል።

አይ። ሳህኑን ይዞ ወደ እኔ ነው።

እጄን ልታጠብ።