በር አጠገብ ያልሆነ መቀመጫ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእትዬ ድንቅነሽ፤

ለመሆኑ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቤተ ክርስቲያኑን ከቅጥሩ ውጭ ሆነሽ ነው የምትሳለሚው? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ እንዴት ያደርጋችኋል? ጋሼ እንግዳን ያ ሳል ለቀቃቸው? ሙሽሪትስ ጸሐይ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ላለፉት አምስት ዓመታት በየደብዳቤዬ «ደኅና ነኝ» ስልሽ ውሸቴን ነበር። ዛሬ እውነቴን ነው፤ ደብዳቤው የረዘመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚያነቡልሽ ጋሼ እንግዳ መሆናቸውን አውቃለሁ። ከዚህ በታች የሆድ ነገር ይበዛል፤ ስለዚህ ባዕድ ሰው ቤት ካለ ሳሉ ተነሣብኝ ብለው ያቁሙና ሰውየው ሲወጣ ይቀጥሉልሽ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ጸሐይን ሚያዝያ ፳፭ ቀን ትድሪያለሽ፤ እኔም በእማማ ተዝካር እንደ ቀረሁት በሰርጓም ከቀረሁ ወንድም የለኝም ብለሽ ትቆርጪዋለሽ። ፍርዱ አይከፋም፤ የተከሳሹ ቃል ግን ገና አልተሰማም። በተዝካሩ ጊዜ የምሠራበት ፍርድ ቤት ዳኛ ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ዳኛው አልከለከሉኝም። ጧፍ ገዝቼ፣ ሻንጣዬን ይዤ፣ ከዲላ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። ከዚያ ይህ ሆዴ ተነሣ። ቁርጠቱ ሲይዘኝ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነው የሚጠመዝዘኝ፤ ወዲያውም ካልወረድሁ ውርደት ይመጣል። አዋሳ ሳንደርስ አራት ጊዜ አስቆምሁ። በመጀመሪያው ተሳፋሪው አዘነልኝ፣ በሁለተኛው ሳቀብኝ፣ በሦስተኛው ሰደበኝ። በአራተኛው ከቁጥቋጦው ስመለስ አውቶቡሱ የለም፤ ሻንጣዬ ብቻ መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። በጭነት መኪና ተመልሼ ያን የውሸት ደብዳቤ ጻፍሁልሽ። እናቱን ለመቅበር ያልደረሰ ሰው በተዝካሯም ሆዴን አመመኝ ቢል ማን ያምነዋል ብዬ ነው። ጧፉ እስከ ዛሬ ሻንጣዬ ውስጥ አለ።

አንዳንዴ ሆዴን ይነካካኛል ብልሽ አንቺ ኮሶ ነው ብለሽ መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ላክሽልኝ፤ ሦስቱንም ጠጣሁ። የሌለ ነገር ግን ከየት ይወጣል? እኔ ደግሞ በልቤ የአባታችን በሽታ ነው እያልሁ፣ እሱ የሞተበትን ዕድሜ ከኔ ዕድሜ ጋር ሳስተያይ እኖር ነበር። ባለፈው ጥር አንድ የውጭ አገር ሐኪም ለጥቂት ቀናት ዲላ መጣና ሄድሁ። ሦስት ቀን በክብሪት ቀፎ ሰገራ አምጣ ተባልሁ። በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ደመላሽ ሲጋራውን አፉ ላይ ሰክቶ ክብሪት ስጠኝ አለኝ። ባዶ ነው አልሁት። ባዶ ቀፎ በሁለት እጅህ አቅፈህ ወዴት ነው ታዲያ ብሎ ተቀየመኝ፤ እስከ ዛሬ በቅጡ ሰላም አይለኝም።

ትልም አልተገኘ፣ አሜባም አልተገኘ። ሐኪሙ ሆዴን እንደ ሊጥ ሲያሸኝ ቆየና ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ሽብሩ የሚባለው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ነበር፤ የዚሁ የዲላ ልጅ ነው፣ ሚሲዮን ያስተማረው። አንጀትህ ምንም አልሆነም፣ ጠባዩ ነው ቁጡ፣ በጥቂት ነገር ይቆጣና ይኮማተራል አለኝ። በዚህ እንደማልሞትም ጨመረልኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ አልነበረምና አመስግኜ ስወጣ በሩን ትቼ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄድሁ። መኮማተሩን የሚያላላ ቤላዶና የሚሉት ነጭ ክኒን ታዘዘልኝ፤ በቀን ሦስት፣ አንድ አንድ፣ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይዋጣል።

ክኒኑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁዳዴ ገባ። እኔ እንደምታውቂኝ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ማታም አልደግምም። የምበላው በቀን አንድ ጊዜ ነው። የታዘዘልኝ ደግሞ ሦስት ክኒን ነው፣ ያውም ከምግብ በፊት። ሕግ አዋቂ ነኝና ትእዛዙን መረመርሁት፤ ምግቡ አንድ ከሆነ ሦስቱም ክኒኖች የዚያው የአንዱ ምግብ ናቸው ብዬ ወሰንሁ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፣ ውሃውን ብቻ አታብዛው አሉኝ። በስምንት ሰዓት ተኩል መዝገብ ቤት ገብቼ ሦስቱን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አንድ የመሬት ክርክር እንዳነብ ተጠራሁ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቃ አልላቀቅ አለች። ፊደሉ ሁሉ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ከብት ሆነብኝ፤ ልቤም ያለ ፈረስ ይጋልባል። ከኢዲዶ የመጡት ባለ ጉዳይ ሽማግሌ ጥቂት ታገሡና፣ ጌታዬ፣ መሬቴን የሚያነበው እንዲህ ከሆነ ባያነበው ይሻላል አሉ። ዳኛው ዓይኔን አዩና፣ አቶ ግዛቸው፣ በሁዳዴ ጠጥተህ መጣህ እንዴ አሉኝ። ውሃ እንኳ በወጉ አልጠጣሁም አልኋቸው። እውነቴን ነበር፤ ችሎቱ ግን ሳቀ። ነገሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ደግፈው ሽብሩ ዘንድ ወሰዱኝ። ስነግረው ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ መች አወቅሁ ሰው በቀን አንዴ እንደሚበላ፣ በኛ ቤት ጠዋትም ቀትርም ማታም ይበላል እኮ አለ። እኔም የሚጾም ሰው እንደማይገባህ መች አወቅሁ አልሁት። ውሃ እያጠጣ እስኪመሽ አጠገቡ አስቀመጠኝና፣ ሁለተኛ ሦስቱን በአንዴ ብትውጥ በእጄ ነው የምገርፍህ አለኝ። የንስሐ አባቴም ሲሰሙ ደንግጠው፣ እስክትድን ጠዋት ቀምሰህ ዋል፣ ቅባት ብቻ አትንካ ብለው ፈቱኝ። አሁን አንድ አንዷን እየጠበቅሁ እውጣለሁ። የቤት አከራዬ ወይዘሮ ካሳነሽ የጌዴኦ ሴት ናት፤ ከእንሰት የሚወጣውን ቡላ በውሃ ብቻ በጥብጣ አጥሚት ታፈላልኛለች። ስጠጣ ካላየች ከደጄ አትነሣም።

ሽብሩ አልዋሸኝም፤ መድኃኒቱ ቁርጠቱን ያስታግሳል እንጂ ጠባዩን አይለውጥም ብሎኛል። አፌ ይደርቃል፣ አንዳንድ ቀንም ሆዴ ያጉረመርማል። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተጠማዘዝሁም። ባለፈው እሑድ መጻጉዕ ሲነበብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን ሰው ሰምቼ በአምስት ዓመት ሕመሜ አፈርሁ።

ትናንት ራሴን ልፈትን ብዬ ወደ ይርጋ ጨፌ ተሳፈርሁ። ከዲላ እስከ ወናጎ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ በመልኩ አውቀዋለሁ፤ ከፈለኝ የሚባለው ሾፌርም እኔን ያውቀኛል። ወናጎ ስንደርስ ሳልጠይቀው መኪናውን አቆመና ዞሮ አየኝ። ቀጥል አልሁት። ምነው፣ አሞሃል እንዴ አለኝ። ይርጋ ጨፌ ደርሼ፣ ገበያውን ዞሬ፣ በዚያው መኪና ስመለስ አንድም ቦታ አላስቆምሁም። ከፈለኝ ሲያወርደኝ እጄን ጨበጠኝ።

እንግዲህ ከፋሲካ ማግስት ተነሥቼ፣ ሻሸመኔም አዲስ አበባም እያደርሁ፣ በቀስታ እመጣለሁ። ሆዴ መንገድ ላይ ቢቆጣም ወርጄ በሚቀጥለው አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ወደ ኋላ ግን አልመለስም። ጧፉን ይዤዋለሁ። ከሰርጉ በፊት እማማ መቃብር ይዘሽኝ ሂጂ፤ ለምን እንደ ቀረሁ ለእሷም ራሴ እነግራታለሁ።

ጋሼ እንግዳን ስላነበቡልሽ እጅ ነሥቼአቸዋለሁ። ጸሐይን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ሲጨፍር ታዪዋለሽ በያት። ጎረቤትሽን ወይዘሮ ዘርትሁንን፣ ኮሶውን እየወቀጡ የላኩልኝን፣ ድካማቸው በከንቱ አልቀረም በያቸው፤ የሌለብኝን በሽታ አሳውቀውኛል። ወይዘሮ ካሳነሽም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ዳሱ ሲጣል የኔን መቀመጫ ከመኻል አድርጊልኝ፤ በር አጠገብ አልፈልግም።

ወንድምሽ ግዛቸው

ዲላ፣ በደብረ ዘይት እሑድ
መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.