ስልክ የሌለበት ተራራ

መጋቢት 4፣ ቶኮዛ፣ ደቡብ አፍሪካ
ዳቦ ዘገየ፣ ደንበኛ ተቆጣ። ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ዱካሞ መጣ። በሥራ ቀን አይመጣም ነበር... "ነገ ድራከንስበርግ ተራራ እንውጣ። ስፓዛ ሱቅህን ጎረቤትህ ካሚል ይይዝልሃል።" ስድስት ዓመት ከዚህ ፍርግርግ ጀርባ ስቆም ውጣ ያለኝ የለም። ምን ነካው? እሺ አልኩ።

መጋቢት 5
ይሄ ሁሉ ተራራ የአራት ሰዓት መንገድ ላይ ነበር እንዴ? ወንዙን ይዘን ወጣን። ውሃው ጥርት ያለ፣ ጠጠሩ የሚቆጠር።

የዱካሞ ሚስት ኤርጎጌ ስልኬን ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ውሃ እንዳይገባበት። ደግሞ ኔትወርክ የለም።" የራሷን ግን አሥር ጊዜ ታያለች።

ኤላንድ አየን። በሬ የሚያክል ድኩላ፣ አሥራ አንድ ሆነው ገደሉ ላይ ይግጣሉ። እማዬ በደወልኩ ቁጥር "ያ አገር አውሬ አለው?" ትለኛለች። "አይጥ ብቻ" እላታለሁ። አሁን የምነግራት አገኘሁ።

መጋቢት 6
ከላይ ትንሽ ሐይቅ አለች። ነፋስ የለም፣ ጥንብ አንሳ ብቻ ይዞራል። ምሳ ላይ ዱካሞ ምርጡን ሥጋ ለኔ አደረገው። ለሥጋ የማይራራው ዱካሞ! "ብላ፣ ሰው መበርታት አለበት።" ኤርጎጌ ፊቷን አዞረች።

ገባኝ።

መርዶ እንዲህ ነው የምንነግረው። አብልተን፣ አሳርፈን፣ ከዚያ ሰው ሰብስበን በማለዳ። የጓደኛዬ የፋንታሁን አባት ሲሞት እኔም ጀርሚስተን ከተማ ይዤው ስዞር ዋልኩ፣ ጫማ ገዛሁለት። ሲስቅ ነበር...

ሰኞ አገር ቤት ደውዬ ወንድሜን እማዬን አገናኘኝ ስለው "ተኝታለች" አለኝ። በቀን? እማዬ በቀን ተኝታ አታውቅም።

ልጠይቅ? ካልጠየቅኩ ዛሬን አለች። ሥጋውን ጨረስኩ። ፈራሁ።

መጋቢት 7
ጠዋት ወንዙ ዳር ዝንጀሮዎች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሻገሩ ቆመን አየን። አልቻልኩም።
"ዱካሞ፣ እናቴ መቼ ተቀበረች?"
ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ማክሰኞ።" ከዚያ እሱ አለቀሰ። እኔ አባበልኩት። እንባ እምቢ አለኝ።
"ነገ የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተርና ሽማግሌዎች ይመጣሉ" አለች ኤርጎጌ። "ነገሩኝ እንዳትላቸው፣ ይከፋቸዋል።"
እንዳልሰማ እሆናለሁ አልኳት።

መጋቢት 8፣ ቶኮዛ
ጎህ ሲቀድ መጡ። ዘጠኝ ሰው። በሩን ከፍቼ ምንም እንደማያውቅ ሰው ቆምኩ። ፓስተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "እናትህ፣ ወይዘሮ ደስታነሽ..." አለ።

ላስመስል ነበር ያሰብኩት። ስሟን ሲጠራ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ።