ፊቱ ላይ ያረፈው ብርሃን

ሚያዝያ 3

ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። ዛሬም ኮት ስለጥፍ ዋልኩ። ሰው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ በቲሸርት ይመጣል፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ኮትና ከረባት አለብሰዋለሁ። ያው አንድ ሰማያዊ ኮት ነው። የሸዋሮቢት ሰው ግማሹ እሱን ለብሶ መታወቂያው ላይ አለ… አንገቱ ጋ መጋጠሚያው ደግሞ ያስታውቃል። ያስጠላል።

አንዱ ልጅ እጅጌው የተቆረጠ የጂንስ ጃኬት፣ ከውስጥ ቢጫ የኳስ ማሊያ አድርጎ መጣ። ሲያምርበት! "በዚሁ ላንሳህ?" አልኩት። "ኧረ ባክሽ፣ ሰው አስመስዪኝ" አለ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ለማ ሳቁብኝ። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ የሚመጣው የሌለውን ለመልበስ ነው" አሉ።

ከሥራ ስወጣ ግን ካሜራቸውን ያውሱኛል። በሱ እኔ የምወደውን አነሳለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹን፣ ሳልባጅ ተራ የሚቆሙትን፣ ሽንኩርት ጫኞቹን። እዚህ ሰው እንዴት እንደሚለብስ የሚያይ የለም። ዛሬ ጎረቤታችንን ኸድርን አነሳሁት። አይሱዙ ላይ ሽንኩርት የሚጭነውን። ከሳልባጅ የገዛው አረንጓዴ የዝናብ ጃኬት አለው፣ ትከሻው ላይ የማዳበሪያ ጨርቅ ደራርቦ ሰፍቶበታል፣ ጆንያው እንዳይልጠው። ከታች ሽርጥ። "ማን አስተማረህ?" ስለው "ትከሻዬ" አለኝ።

ኢንስታግራም ላይ ለጠፍኩት።

ሚያዝያ 9

ንግሥት ጻፈችልኝ!!! ራሷ ፎቶ አንሺዋ ንግሥት!

ሰው ሳይደራጅ፣ ሳይታዘዝ፣ እንዳለ ማንሳትን የተማርኩት ከሷ ነው። የአዲስ አበባ የጎዳና ፎቶዎቿን አንድ በአንድ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። "ዓይን አለሽ" አለችኝ። ለአንድ የልብስ ብራንድ ልትሠራ ወደ እኛ ትመጣለች። እውነተኛ ሰዎችን ነው የምፈልገው፣ ታግዢኛለሽ ወይ፣ አለች።

አግዛታለሁ ወይ? በእግሬም ቢሆን ደብረ ሲና ድረስ ወጥቼ እቀበላታለሁ!

ሚያዝያ 16

መጣች። ቁመቷ ከጠበቅኩት ያንሳል። ከመኪናው ሳትወርድ "ኡፍ፣ ምን ዓይነት ሲኦል ነው ይሄ" አለች። ሙቀቱን ነው… መሰለኝ።

ልብሶቹን አሳየችኝ። ስብስቡ ስም አለው። "ሸክም"። አዲስ ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ ሆን ተብሎ የተቀደደ። አዲስ ቲሸርት፣ ብብቱ ላይ ላብ የመሰለ ቀለም የተቀባ። የላብ ቀለም! አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ላብ ሲቀባ ይታየኛል። ከዚያ ደግሞ አንድ አረንጓዴ ጃኬት አወጣች። ትከሻው ላይ ጨርቅ ተደራርቦ የተሰፋ። ዳበስኩት። ስስ ነው። ምንም አይሸከምም።

"ካንቺ ፎቶ ነው ያገኘነው፣ ደስ አይልሽም?" አለችኝ።

ደስ ይለኛል አልኩ። ለምን አልኩ?

ሚያዝያ 17

እጄን ስታጠብ አመሸሁ።  ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሽንኩርት ተራ ነበርን። ጫኞቹ የብራንዱን ልብስ ለበሱ። ሲሳሳቁ ነበር። ኸድር ሱሪው መሬት ይጠርግበታል። "ረዝሟል፣ ልጠቅልለው" አለ። ንግሥት ጮኸች። "እንዳትነካው! ቅርጹ ይበላሻል!" እሱም ሳቀ። "ሙሽራ አስመሰላችሁኝ" አለ።

እኔ ያንን ብርማ ክብ ጨርቅ ይዣለሁ፣ የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ ሰው ፊት ላይ የሚመልሰውን። ኸድር ጆንያ ተሸክሞ በሳንቃው ወደ አይሱዙው ወጣ። "እንደገና" አለች። አወረደና ወጣ። "አሁንም፣ ቀስ እያልክ፣ ደከመህ እንበል።" አይሱዙው እኮ ሞልቷል! የሚጫን የለም። ያንኑ ጆንያ ነው የሚያወጣው የሚያወርደው።

ከዚያ ሱሪው ተረከዙ ስር ገባ። ከነጆንያው ወደቀ። ጆንያው ከላዩ። ድምፁ… አልጽፈውም።

ሰው ሮጠ። ንግሥት እጇን ዘርግታ አገደች። "ቆይ! ቆይ! ማንም እንዳይገባብኝ! ሳሚያ፣ ብርሃኑን ዝቅ፣ ፊቱ ላይ!"

ዝቅ አደረግኩት።

ሰው መሬት ላይ ወድቆ ያቃስታል፣ እኔ ብርሃን አስተካክላለሁ። እጄ እሷን ሰማ እንጂ እሱን አልሰማም። ስንት ጊዜ ካሜራው እንደጮኸ አላውቅም። ጓደኛው ኢብሮ ነው ገፍትሯት ገብቶ ጆንያውን ያነሳለት። ጭኑ ተሰብሯል።

ንግሥት ወደ መኪናዋ ስትሄድ የካሜራውን መስኮት እያየች "አምላኬ… ይሄ እኮ ሥዕል ነው" አለች። ሥዕል።

ሚያዝያ 18

ደብረ ብርሃን ወስደው ብረት አስገቡለት አሉ። ንግሥት አዲስ አበባ ገብታለች። "አይዞህ በይልኝ" ብላ የልብ ምልክት ልካለች። እትፍ።

ግንቦት 4

ኸድር ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ። ልጠይቀው ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ፍራሽ ላይ ተንጋሏል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ ኑርሃን እግሩ ስር ትራስ ታስተካክላለች። ከበሩ ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

"ነይ፣ ግቢ ሳሚያ" አለኝ። እንደ ድሮው። ይኼኛው ይባስ አስጠላኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ብርቱካኑን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከዚያ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ። "ያን ቀን ፀሐዩን ጋርዱልኝ እያልኩ ነበር። ዓይኔን ወጋኝ። አንድ ሰው እንኳ የማይጋርድልኝ ለምንድን ነው እል ነበር። ድምፄ አይወጣም ነበር እንዴ?"

ፀሐዩ እኮ ከጀርባው ነበር።

ነገርኩት። "ፀሐይ አይደለም ኸድር። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የያዝኩት።"

አየኝ።  "አንቺ ነሽ?" አለ።  ኑርሃን ብርቱካኑን ከእጄ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አልላጠችም።

ግንቦት 11

ፎቶው ወጣ። ኸድር አፈር ላይ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ቲሸርቱ ላይ የብራንዱ ምልክት ጥርት ብሎ። ከስሩ "ሸክም። በቅርብ ቀን።"

የሰዎቹን አስተያየት ሳነብ አመሸሁ። ማንበብ ማቆም አቃተኝ፣ ቁስል እንደማከክ። "ዋው።" "ስሜቱ!" "ይህቺ ሴት ትለያለች።" ብዙው ግን ስለ ብርሃኑ ነው። "ፊቱ ላይ ያረፈውን ብርሃን እዩልኝ።" "ብርሃኑ ያስለቅሳል።" ንግሥት ደግሞ ስሜን ጠቅሳ አመስግናኛለች። እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የት ልግባ?

ግንቦት 12

አውርጂው ብዬ ጻፍኩላት። በድምፅ መለሰችልኝ፣ ለስላሳ በሆነ ድምፅ፦ "ሳሚዬ፣ ይገባኛል፣ አንቺ ገና ነሽ። ፎቶው አሁን ከሱ በላይ ሆኗል። የሁሉም ሠራተኛ ድምፅ ነው።"

የሁሉም ሠራተኛ ድምፅ የሱሪ ማስታወቂያ ላይ ምን ይሠራል? መልሼ ጠየቅኳት። አላነበበችውም።

ለኸድር አሳየሁት። መደበቅ አልቻልኩም፣ ፎቶው የኢብሮ ስልክ ላይ ደርሷልና ዛሬ ነገ ያየዋል። አየው። "አፌን እዪው" አለ። "ልጄ ይሄን ታያለች እኮ።" ስልኩን ገልብጦ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው። ኑርሃን አንስታ ቀና አደረገችው፣ ረጅም ሰዓት አየችው።

ሰኔ 8

ከአረፋ በኋላ ደስ የሚል ነገር እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው። ንግሥት ለምርቃቱ ጋበዘችኝ። አዲስ አበባ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ፎቶዎቹ ተሰቅለው ልብሱ ይሸጣል። "ያንቺም ቀን ነው" ትላለች።

አልሄድም ብዬ ለኑርሃን ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን አራገፈች።

"ትሄጃለሽ" አለች። "እኔን ይዘሽ።"

"ኑርዬ፣ ምን ልታደርጊ?"

"እኔ እንጃ። ባሌ የተሰቀለበትን ቤት ግን ማየት አለብኝ።"

ሰኔ 14፣ አዲስ አበባ

አክስቴ ቤት ነን። ኑርሃን ተኝታለች። እኔ እጽፋለሁ።

ተራራውን ስንወጣ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ነበር።  አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያት። ድሪያዋን፣ ሻሏን፣ የፕላስቲክ ጫማዋን። የኔን የግብዣ መልእክት አይቶ አስገባን።

ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኛን ለብሷል። እንዴት ብዬ ልጻፈው… ሽርጥ በስኒከር፣ የጆንያ ቦርሳ፣ የተቀባ ላብ። ከዓመት በፊት ቢሆን ከደስታ ብዛት አብድ ነበር። ዛሬ የኑርሃንን ክንድ ያዝኩ። አንዷ ሴት የውሸቱን የኸድርን ጃኬት አድርጋ በቀጭን ብርጭቆ ትጠጣለች።

ኸድር ራሱ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሰው ይበልጣል። አፉ ብቻ የኑርሃንን ጭንቅላት ያህላል።

ኑርሃን ፊት ለፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም። ወንበር ጎትታ ወጣችበት፣ ሻሏን ከትከሻዋ ገፈፈች፣ በማዕቀፉ አናት ላይ ጥላ ፊቱን ሸፈነችው።

 ንግሥት እየሮጠች መጣች። "ሳሚያ፣ ምንድነው ይሄ? ንገሪያት እንጂ፣ ይሄ ለሱ ክብር ነው!"

ኑርሃን ወንበሩ ላይ እንደቆመች ዞረች። "ክብር ከሆነ አንቺ ጭንሽን ሰብረሽ ተሰቀይበት" አለቻት። "ባሌ አፈር ላይ ወድቆ ያ ረቢ ሲል ነው የምትጠጡበት? አውርጂልኝ። እስክታወርጂው ከዚህ አልወርድም።"

ያኔ አንዱ አጨበጨበ። ወላሂ አጨበጨበ! ትርዒት መስሎት። ሌሎቹም ተከተሉት። ስልኮች ተነሱ፣ መብራታቸው በራ፣ ሁሉም ወደ ኑርሃን። ራስዋ ንግሥት እንኳ… እጇ ወደ ካሜራዋ ሲሄድ አየሁት። በዓይኔ አየሁት።

ጃኬቴን አውልቄ ኑርሃን ፊት ላይ ዘረጋሁት። ወንበሩ ስር ቆሜ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ። "አታንሱ! ሰው ናት! አታንሱ!" እጮሃለሁ።  ክንዴ ዛለ፣ አላወረድኩትም። አንዱ ጎኔን ገፋኝ። አልተነቃነቅኩም።

በመጨረሻ ጭብጨባው ሞተ። የብራንዱ ሰውዬ፣ ሰዉ ሲያጉረመርም አይቶ ነው እንጂ አዝኖ አይደለም፣ ዘበኛውን ጠራ። አወረዱት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው አቆሙት። ኑርሃን ሻሏን ለበሰችና ወረደች።

ንግሥት በር ድረስ ተከተለችኝ። "እኔ አንቺን ሰው ላደርግሽ ነበር" አለችኝ። ያቺ ንግሥት… ሁሉንም ፎቶዋን የሰበሰብኩላት።

ሰኔ 16

ንግሥት ፎቶውን ከገጿም አውርዳዋለች። ሌሎች ግን ቀድተውታል፣ አንዱ ጋ ሲጠፋ ሌላው ጋ አለ። ኸድር ሲሰማ "ከግድግዳው ወረደ?" ብቻ አለ። ወረደ አልነው። ኑርሃን "ክንዷ እስኪገነጠል ቆመች" ብላ ስለኔ ነገረችው። ሻይ አቀረበችልኝ።

ሰኔ 22

ገጼን ከፍቼ ሁሉንም አየሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ጫኞቹ፣ ሳልባጅ ተራ ያሉት… ስማቸውን እንኳ የማላውቀው ይበዛል። ብዙዎቹ እንደተነሱ አያውቁም። እኔስ ከንግሥት በምን እሻላለሁ? በተዋስኩት ካሜራ ርካሽነት? ገጹን ዘጋሁት።

ሐምሌ 19

ዝናብ። ሮቢ ወንዝ ሞልቷል። ኸድር በክራንች ሽንኩርት ተራ ደርሶ መጣ። መሸከም እንደማይችል ነግረውታል፣ ኢብሮ ሽንኩርቱን መዛኝ አድርጉት ብሎ እየለመነለት ነው። ገና አልታወቀም።

እኔ ኮት መለጠፌን ቀጥያለሁ። አሁንም ያስጠላኛል።

ዛሬ ግን ገበያ ላይ አንዲት የቀወት ገጠር ሴት አየሁ። ቀይ ድሪያ፣ ከላዩ የወንድ ሙሉ ኮት፣ ቁልፉ በሙሉ የተለያየ፣ እጅጌው ሁለቴ ተጠቅልሎ ገበሩ አበባ የሆነው። ቢጫ ቦት ጫማ። አህያዋን እየነዳች ጭቃውን እንደ ምንጣፍ ስትረግጠው! እጄ ወደ ካሜራው ሄደ። እጄን ግን ያዝኩት።

"እትዬ፣ አለባበስዎ ደስ ብሎኝ ነው። ላንሳዎት?"

ቆመች። "ለምንሽ ነው?" አለችኝ።

 ለገጼ? ለማን? "እኔ እንጃ" አልኳት።

"እንግዲያው ስታውቂ ነይ" ብላ ስቃ አህያዋን መታ አደረገች፣ ሄደች።

ይኸው ቤት ገብቼም እያሰብኩት ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳነሳ ለምንሽ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። እንዲለኝም ቀድሜ አስፈቅጄው አላውቅም።